ከእቴቴ ጋር ሦስት ቀን ከዛፍ ሥር

እቴቴ የምንላት አክስቴ ዛፍ ስታይ ቀድማ የምትገምተው ሸክሙን ነው። «ይሄ ቋሚ ይወጣዋል»፣ «ይሄ ለሁለት ጊዜ ጋገራ ይበቃል»፣ «ይሄስ ጭራሮ ነው፣ ምን ይሆናል» እያለች ነው መንገድ የምታልፈው። አይፈረድባትም። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ እያወረደች ሽሮ ሜዳ ስትሸጥ ኖራለች፤ አራት ልጆች ያሳደገችው በዚያው ጀርባዋ ነው። ልጆቹ ደመወዝ ሲይዙ «በቃሽ» ብለው አስተዋት። አሁን ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ገመዱ ግን ዛሬም ተጠቅልሎ ከአልጋዋ ሥር ተቀምጧል።

ከዓመት ፈቃዴ ጥቂት ቀን ተርፎኝ ነበር። ሩቅ አገር ከመሄድ እዚሁ አዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን የዛፍ ቦታዎች ለምን በተራ አላያቸውም አልኩ፤ ጉለሌን፣ አዲስ ዓለምን፣ የሱባን ጫካ። ለእቴቴ ስነግራት ሳቀች።

«ዛፍ ለማየት ይከፈላል?»

«አዎ፣ መግቢያ አለው።»

«ጉድ እኮ ነው! እኛ ዛፉን ነክተን ስንቀጣ ኖርን፣ እናንተ አይታችሁ ትከፍላላችሁ።»

እንዲያም ብላ ነጠላዋን አጥባ አደረች።

ዓርብ፣ ጉለሌ

ጥቅምት ካለቀ ሳምንት ሆኖታል፤ ብርዱ ግን ወሩ መለወጡን አልሰማም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል፤ እኛ ግን ቀኑ ጾም ስለሆነ በሽሮ ፍርፍር ነው የወጣነው። ታክሲው የሚያደርሰን ድረስ አድርሶን ቀሪውን ዳገት በእግር ተያያዝነው። እኔ ሦስት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ። እቴቴ አንዴም አልቆመችም፣ እኔን ለመጠበቅ ካልሆነ በስተቀር።

የጉለሌ እጽዋት ማዕከል ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ከእንጦጦ ሰንሰለት ጋር በተያያዘው ተራራ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንድ ላይ ሆነው ነው ያቋቋሙት፤ ስፋቱ 705 ሄክታር ነው። ቦታው ቀድሞ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነበር። ሐሳቡ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ እያነሱ የአገሩን ዛፍ መመለስና ከየክልሉ የመጣውን ተክል ሰብስቦ ማቆየት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ስድስት ሺህ ገደማ የዕፅዋት ዓይነት አለ፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ከዚህ አገር ሌላ የትም አይገኝም። ይህን ለእቴቴ ስነግራት «ስድስት ሺህ?» አለችና ቆም ብላ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ሃያ ስምንት ላይ ደርሳ ተወችው። እኔ ብቆጥር አሥራ አምስትም አልደርስም።

እዚህ ላይ አንድ ውርደት ደረሰብኝ። መንገድ ዳር ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ቅጠሉ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ዛፍ አየሁና፣ እንደ አዋቂ፣ «ይሄውልሽ ጥድ» አልኳት። ዝም ብላ ወደ ዛፉ ሄደች፤ ጎንበስ ብላ ከሥሩ አንድ ፍሬ አንስታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ክብ ነው፣ የልጅ ብይ ያክላል፣ ደረቅ እንጨት ነው፣ ላዩ እንደ ኳስ ቆዳ በቁራጭ በቁራጭ የተገጣጠመ።

«ይሄ የፈረንጅ ጥድ ነው» አለች። «የእኛው ጥድ ፍሬ እንጨት አይደለም። ና።»

ሌላ ዛፍ እስክታገኝ ድረስ ብዙ አስኬደችኝ። ቅርንጫፉን ስባ ስታሳየኝ ፍሬው ከሽምብራ ያነሰ፣ ሰማያዊ የሚመስል፣ አመድ እንደተነሰነሰበት ሁሉ ብናኝ የለበሰ ነው። በጥፍሯ ስትጫነው ለስላሳ ሆኖ ተሰነጠቀ። ሽታው ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግቢ ያደረሰኝ መሰለኝ። ወፍ ይሄንን ይበላል፣ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥለዋል፤ የፈረንጁን ግን ወፍ አይነካውም። ስሙ የፈረንጅ ይባል እንጂ የዛፉ አገር አውሮፓ አይደለም፣ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ለእኛ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ ፈረንጅ ነው።

ከዚያ በኋላ አስጎብኚዋ እሷ ሆነች። ወይራውን ሳታየው በጭሱ ታውቀዋለች፤ ጋን የሚታጠነው በእሱ ነው። እንዶዱ ጋ ስንደርስ ለልብስ ማጠቢያ እንዴት ይወቀጥ እንደነበር በእጇ አሳየችኝ። ቀጋው ላይ ጥቂት ቀያይ ፍሬ ቀርቶ ነበር፤ ዓይኗን ጣለችበት፣ ዙሪያውን ገልመጥ አደረገች፣ ከዚያ «ይቅር፣ የመንግሥት ነው» ብላ አለፈች። የልጅነቷ ዘብ አሁንም ከኋላዋ የሚመጣ ይመስላታል። ያኔ ዘቦቹ ሲይዟቸው ገመዱንና ማጭዱን ይቀሟቸው ነበር። «እንጨቱን ቢወስዱት ነገ ይለቀማል። ገመዱን ሲወስዱ ግን ያስለቅሳል፤ ገመድ በብር ነው የሚገዛው።»

ከታች በኩል ገና ያልተነሳ ባሕር ዛፍ አለ። ከተቆረጠው ጉቶ ዙሪያ አዲስ ቀንበጥ ወጥቷል። ባሕር ዛፍ እንደዚህ ነው፣ ቆርጠኸው ስትሄድ ከጉቶው ያቆጠቁጥና ሰባትና ስምንት ሆኖ ይጠብቅሃል። የነጭ ባሕር ዛፍ ቀንበጥ ቅጠል ከአሮጌው ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም፤ የማያውቅ ሰው ሁለት የተለያየ ዛፍ ነው ብሎ ይወራረዳል። የልጁ ቅጠል ሰፊና ክብ ቢጤ ነው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ግንዱን አቅፎ ይወጣል፣ ቀለሙ የብር ዱቄት የተቀባ ሰማያዊ ነው። ሲያድግ ያ ሁሉ ይቀርና ቅጠሉ እንደ ማጭድ የቀጠነ፣ የረዘመና አረንጓዴ ይሆናል፣ ቁልቁልም ይንጠለጠላል። እቴቴ ከሁለቱም አንዳንድ ቅጠል አንስታ አሳየችኝ። «ረጅሙ ሲደርቅ ለምጣድ። ይሄ ክቡ ደግሞ ለጉንፋን፣ አፍልተህ ነጠላ ተከናንበህ ትታጠነዋለህ። ዶክተርም እንደዚህ አያደርግልህም።»

ስንወርድ ጀርባዋን ዞራ አንድ ጊዜ ተራራውን አየችው። «ይሄን ሁሉ ባሕር ዛፍ ሊነቅሉት ነው?» አለች። ቀስ በቀስ ነው አልኳት። ምንም አልመለሰችም፤ እስከ ታክሲው ድረስም አልተናገረች።

ቅዳሜ፣ አዲስ ዓለም

በጠዋት አስኮ መናኸሪያ ደረስን። በዚያ በኩል ወደ ምዕራብ የሚሄደው ከዚያ ነው የሚነሳው። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪወጣ አንድ ሰዓት ፈጀ፤ ስለ እሱ የምለው የለኝም፣ መናኸሪያን የማያውቅ የለም።

ቡራዩን ካለፍን በኋላ ነው መንገዱ የሚያምረው። ገፈርሳ በስተቀኝ ተኝቷል፤ ከተማው ከሚጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዳሩ ላይ ወፎች ይርመሰመሳሉ፤ ከመኪና ሆኖ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ቀጥሎ መናገሻ ከተማ ትመጣለች፤ ስሟ ራሱ ንጉሥ የሚነግሥበት ማለት ነው። ከዚያ ሆለታ። ሆለታ ላይ በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር፣ ከማይጨው ጦርነት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ። ዛሬ ገበሬ የሚያውቃት ይበልጥ በእርሻ ምርምር ማዕከሏ ነው፤ ድንችና ገብስ። ከግራም ከቀኝም ጤፉ ቢጫ ሆኖ ነፋስ ያጎነብሰዋል፤ አንዳንዱ ጋ አጫጆች ገብተዋል፣ ነዶውም ተከምሯል። በየማሳው ድንበር ላይ ግን አጥር ሆኖ የቆመው ያው ባሕር ዛፍ ነው።

አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የአካባቢው ሰው ኤጄሬ ይላታል። ትንሽ ከተማ ናት፤ አስፋልቱ መሐሏን ሰንጥቋት ያልፋል፣ የአምቦ አውቶቡስ ጡሩንባውን ነፍቶ ይበራል። ይህች ከተማ ለጥቂት ዋና ከተማ ልትሆን እንደነበር ማንም መንገደኛ አይገምትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትመሠረት ሰዉ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወረደ፤ ቤት ይሠራል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ግብር ይበላል፤ ይሄ ሁሉ እንጨት ነው። የእንጦጦ ጥድ ተራቆተ፤ ማገዶ የሚመጣው ከቀን ወደ ቀን ከራቀ ቦታ ሆነ። የቀድሞ ነገሥታት እንጨት ሲያልቅ ድንኳን ነቅለው ይሄዱ ነበር፤ አጤ ምኒልክም ያንኑ አሰቡ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ደን የነበረበትን ይህን ኮረብታ መርጠው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። ከአዲስ አበባ እስከዚህ ድረስ መንገድ ተቀየሰ፤ በአገራችን በአዲስ ዘዴ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መንገዶች አንዱ ነው። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ያስመጣት በእንፋሎት የምትሠራው የመንገድ መደልደያም የዚያን ዘመን ሰው «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ሲደነቅባት ኖሯል።

በመሐል ግን ከአውስትራሊያ የመጣ ዘር አዲስ አበባ ላይ ሥር ሰድዶ ነበር። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ አመጣው ተብሎ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ጥድ አንድ ክንድ እስኪያድግ ባሕር ዛፍ ቤት ይሆናል። ቆርጠውት ደግሞ ተመልሶ ይበቅላል። ምኒልክ ነገሩ ገባቸው፤ ችግኙ ለሰው ይታደል፣ ይተከል አሉ። ዋና ከተማውም ሳይነሳ ቀረ። ዛፉ ብቻውን ነው ያስቀረው የሚሉትን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ቤት ቆሞ ነበር፣ የውጭ መንግሥታት ወኪሎችም ግቢያቸውን አጥረው ተቀምጠው ነበር፤ ያንን ሁሉ ትቶ መሄድ ለማንም አይቀልም። የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ የማርያም ጽዮን።

ኮረብታው ላይ ወጥተን ቅጽሩ ውስጥ ገባን። እቴቴ ደጀ ሰላሙ ላይ ተሳልማ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ብዙ ቆየች። እኔ ከውጭ ጥዶቹን አየሁ። የቤተ ክርስቲያን ግቢ በእኛ አገር ማንም ስም ሳያወጣለት የቆየ የዛፍ መጠበቂያ ነው፤ ዙሪያው ሁሉ ተራቁቶ ከአጥሩ ውስጥ ያለው ጥድና ወይራ ብቻ ይተርፋል። ከቅጽሩ ወደ ታች ሲታይ ከአጥሩ ወዲያ ያለው አረንጓዴ ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው። ድንበሩ በገመድ የተለካ ይመስላል።

ቤተ መዘክሩን እንይ ስላት አልፈለገችም። «ዘውድ አይቼ ምን ላደርግ? ከዚህ ጥድ ሥር ልቀመጥ።» ተቀመጥን። ታሪኩን እንደገና፣ አሁን ቀስ ብዬ፣ ነገርኳት። ባሕር ዛፍ ባይመጣ ኖሮ ከተማው ወደዚህ ይዛወር ነበር፣ ሽሮ ሜዳም ባዶ ሜዳ ሆኖ ይቀር ነበር አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «እኔስ ታዲያ ከየት ልሸከም ነበር?»

«እዚህ ትኖሪያ ነበር። ከዚህ ትሸከሚያለሽ።»

«ይሄን ጥድ?» ቀና ብላ አየችው። «ጥድ እኮ ከአንድ ዙር በኋላ ያልቃል። ልጆቼን አያሳድግም።» ቀጠለችና፣ «ያ ባሕር ዛፍ የሚሉት እኮ ክፉ ነው፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ አውቃለሁ። ግን ስንት ሴት አኑሯል! ዛሬ ተነስተው ንቀሉት ይላሉ። ይንቀሉት። ግን ሲነቅሉት አይስደቡት።»

ይህን ወደ ታች እያየች ነው የተናገረችው፣ ለእኔ ሳይሆን ለባሕር ዛፉ።

ከተማው ውስጥ ቡና የምታፈላ ሴት ዘንድ ቁጭ አልን። ቅዳሜ ስለሆነ ጥብስ በልተን ነበር፤ እቴቴ ዋጋውን ሰምታ «በዚህ እኮ በግ ይገዛ ነበር» ማለቷ አልቀረም። ባለቡናዋ ጩኮ በትንሽ ሳህን አቀረበችልን፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የተለወሰ፣ ከቡና ጋር ሲበሉት ሌላ ነገር የሚያስረሳ። ስለ ዛፍ ስናወራ ሰምታ ገባችበት። በኦሮምኛ ባሕር ዛፍ ባርጋሞ ነው አለችን፤ ከባሕር ማዶ የመጣ እንደማለት ነው። ወይራው ደግሞ ኤጀርሳ። እቴቴ ሁለቴ ሦስቴ ደጋግማ አለችው፣ ባርጋሞ፣ ባርጋሞ። «ስሙ እንኳን እዚህም እዚያም መጤ ነው» አለች። መቶ ሃያ ዓመት አልፎት ዛሬም ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው።

በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ተኝታ ቡራዩ ላይ ነቃች።

እሁድ፣ ሱባ

ቅዳሴ ካልሰማሁ አልሄድም ስላለች የወጣነው አርፍደን ነው። ከአየር ጤና ሰበታ በታክሲ ደረስን። ከሰበታ ወደ ቀኝ፣ ወደ ወጨጫ ተራራ የሚያወጣው መንገድ ጠጠር ነው። ባለ ባጃጅ ልጅ «አደርሳችኋለሁ፣ ይህችን ታውቋታላችሁ እንዴ፣ አንበሳ ናት» አለን። አንበሳዋ ከግማሽ መንገድ በኋላ ዳገቱ ላይ ተንተከተከችና ቆመች። ልጁ ወርዶ ገፋ፣ እኔም ወርጄ ገፋሁ፣ አቧራውን ጠጣነው። እቴቴ ሻሿን አጥብቃ «በሉ እናንተ ተጫወቱ» ብላ በእግሯ ቀድማን ወጣች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንደርስባት ከአንዲት ገበሬ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ አሬራ እየጠጣች ነበር።

የመናገሻ ሱባ ጫካ የወጨጫን ተዳፋት ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ተራራው የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ከታች ጥድ፣ ዝግባና ወይራ፤ ከፍ ሲሉ ኮሶ፤ ከዚያም በላይ አስታና ጅብራ። በር ላይ ከፍለን አንድ ወጣት አስጎብኚ ተሰጠን፤ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፣ እቴቴን «እማማ» እያለ ክንዷን ሊይዛት ሲል «እኔን ተወኝ፣ ያንን ያዝልኝ» ብላ ወደ እኔ ጠቆመችው።

ገና አምስት ደቂቃ ሳንሄድ ብርሃኑ ተለወጠ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ጫካ ሲባል ትዝ የሚለው ባሕር ዛፍ ነው፤ ከላይ ሰማይ ይታያል፣ ከታች ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ይሄ ሌላ ነው። ጨለም ያለ፣ እርጥብ፣ ዝም ያለ። ከጥዶቹ ላይ አረንጓዴ ሽበት የመሰለ ነገር ይንዘረፈፋል። ሥሩ ላይ ሁሉ ነገር በቅሏል። እቴቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ማንም ዝቅ አድርጊ ሳይላት።

ስለ ጫካው የሚነገረው ታሪክ ከአጤ ዘርዐ ያዕቆብ ይጀምራል፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ከነገሡት። ተራራው ተራቁቶ አዩት፣ ከአንኮበር አጠገብ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስዘሩት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ነገሥታቱ እየጠበቁት ኖረ፤ በአፍሪካ ከጥንት ጀምሮ ጥበቃ ከተደረገላቸው ደኖች አንዱ ነው የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ትንሽ ጥርጣሬ አለኝ። ይህን የሚያህል ተራራ ሙሉ በእጅ አይዘራም፤ ደግሞም እነዚህን ኮሶዎችና ዝግባዎች ማን ዘራቸው? የነበረውን ደን አስከብረው፣ የተራቆተውን ዘርተው ይሆናል። ይሄን ለልጁ ብነግረው ትከሻውን ነቅንቆ «ዋናው አለመቆረጡ ነው» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

ልጁ ዛፎቹን በሁለት ቋንቋ ነበር የሚጠራቸው። ዝግባ፣ ቢርቢርሳ። ኮሶ፣ ሄጦ። አንድ ግንዱ የጠቆረ ትልቅ ዛፍ ጋ ሲደርስ፣ ጥቁር እንጨት፣ በኦሮምኛም ሙከ ጉራቻ አለን፤ ያው ጥቁር እንጨት ማለት ነው። ቅጠሉን አሽቶ አፍንጫችን ሥር ያዘልን። አልሞንድ የሚባለውን የፈረንጅ ለውዝ የመሰለ ሽታ አለው። ልጣጩ ፈረንጅ አገር ለወንዶች የፕሮስቴት በሽታ መድኃኒት ይሠራበታል፤ በዚህ ምክንያት በብዙ የአፍሪካ አገሮች ዛፉ ቆዳው እየተገፈፈ ተመናምኗል፣ ንግዱም በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። እቴቴ ይህን ስትሰማ ግንዱን ዞራ አየች፤ የተላጠ ቦታ ስታጣ እፎይ አለች።

ኮሶው ጋ ግን ቆመን ቀረን። ሁለት ኮሶ ፊት ለፊት ቆመዋል፣ አንዱ ወንድ አንዱ ሴት። ከሩቅ በአበባቸው ይለያሉ። የወንዱ አበባ ሳሳ ያለ፣ ወደ ነጭና ብጫ ያደላ ነው። የሴቷ ወፍራም፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ እንደ ወይን ዘለላ የሚንጠለጠል፣ ቀይ ሆኖ ጽጌረዳ የሚመስል። መድኃኒቱ የሴቷ ነው። ግንዱ ቀይ ቡናማ፣ ልጣጩ እንደ ወረቀት የሚረገፍ፤ ቅጠሉን ስትነካው ከስሩ ጠጉር አለው።

«ይሄን ስንት ጊዜ ጠጣሁት መሰለህ» አለች እቴቴ። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ ይጠጣው ነበር። እናቷ፣ አያቴ፣ አበባውን አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በጠላ በጥብጠው፣ በሩ ላይ ቆመው ያጠጧቸዋል። «እንደ ኮሶ የመረረ ትላላችሁ እናንተ፣ ቀምሳችሁት አታውቁም። ምላስ ላይ አይቀርም፣ አጥንት ውስጥ ይገባል።» የጠጣ ሰው ቀኑን ሙሉ አይቆምም፤ ቤቱን ዘግቶ ይተኛል። ድሮ ባላገሩም መኳንንቱም እንግዳ ማነጋገር ካልፈለጉ «ኮሶ ጠጥተዋል» ማስባል ነበር። ዛሬ ስብሰባ ላይ ናቸው እንደሚባለው። ልጁ ሳቀ። «አሁን ኪኒን ነው፣ እማማ።» «ኪኒኑማ ጥሩ ነው፣» አለች፣ «ማንም በሩ ላይ ቆሞ አያጠጣህም እንጂ።» አያቴን ስታስታውስ ድምፅዋ እንዲህ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም።

ጉሬዛዎቹ ከላይ መጡ። መጀመሪያ ቅርንጫፍ ተነቃነቀ፣ ቀጥሎ አንዱ ነጭ ካባውን አንሳፍፎ ከዝግባ ወደ ዝግባ ዘለለ። ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ተቀምጠው ቁልቁል ሲያዩን መነኮሳት ይመስላሉ። የምኒልክ ድኩላም አለ ይላል ልጁ፣ እኛ ግን ያየነው ኮቴውን ብቻ ነው፣ ጭቃ ላይ። ነብርም አለ አለን። እቴቴ ነብሩ ላይ ጥያቄ አላነሳችም፤ የጠየቀችው ስለ ጅብ ነው። እንጦጦ ላይ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስተው ሲወጡ የሚፈሩት ጅብ ነበር። «ጅብማ አለ» ሲላት ራሷን ነቀነቀች፣ የድሮ ጎረቤት ደህና ነው እንደተባለች ሁሉ።

ወደ ላይ እስከ ኮሶው ድረስ ብቻ ነው የወጣነው። አስታውንና ጅብራውን ለማየት ተጨማሪ ሰዓታት ይፈጃል፤ እኔ ጉልበቴ አልቆ ነበር፣ እሷም በእኔ አሳብባ መመለሱን መረጠች። ስትወርድ አንድ ትልቅ ጥድ ጋ ቆመችና ሁለት እጇን ዘርግታ አቀፈችው። እጆቿ ከግንዱ ግማሽ አልደረሱም። ልጁ ፎቶ ሊያነሳት ስልኩን ሲያወጣ ለቀቀችው። «ልለካው ነው እንጂ፣» አለች። «ስንት ሸክም ይወጣዋል ብዬ ነበር። አይወጣም። ይሄ ሸክም አይደለም።»

ባጃጁ ቁልቁሉን በሰላም አወረደን። ሰበታ ልንገባ ስንል ግን «አቁምልኝ» አለች። መንገድ ዳር የገበሬ ባሕር ዛፍ አለ፤ ሥሩ የደረቀ ቅጠል ምንጣፍ ሆኗል። ባለቤቱን ጠይቃ፣ ከባጃጁ ልጅ ባዶ ማዳበሪያ ተውሳ፣ በአሥር ደቂቃ ሞላችው። እጇ እንዴት እንደሚፈጥን ማየት ነበር፤ ትጠርጋለች፣ ትጠቀጥቃለች፣ በጉልበቷ ትጫናለች። አፉን ከመቋጠሯ በፊት ከጉቶው ላይ ያንን ክብ ሰማያዊ ቀንበጥ ቀንጠስ ቀንጠስ አድርጋ ከላይ ጨመረችበት። «እቴቴ፣ ጋዝ አለሽ እኮ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድም ገዝተውልሻል» ብላት «መብራት ሲጠፋስ?» አለችኝ።

ከሰበታ ወደ አየር ጤና የያዝነው ታክሲ ረዳት ማዳበሪያውን አይቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ማዘር፣ ይሄ ይከፈልበታል። የአንድ ሰው ቦታ ይዟል።»

«ቅጠል ነው ልጄ፣ ምን ይመዝናል? ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ።»

«ጭንም ይከፈልበታል» አለና ራሱም ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። አፍንጫው ቀልቷል፣ ድምፁ ተዘግቷል፣ አንገቱ ላይ ስካርፍ ጠምጥሟል። እቴቴ አየችው። ምንም ሳትል የማዳበሪያውን አፍ ፈታች፣ ከላይ ያለውን ቀንበጥ ግማሹን አውጥታ በፌስታል ጠቀለለችለት።

«ማታ አፍልተህ፣ ነጠላ ተከናንበህ ታጠን። ከዚያ ውጭ እንዳትወጣ።»

ልጁ ፌስታሉን ከፍቶ አሸተተ። «የእናቴ ቤት ይሸታል» አለ፤ ማዳበሪያውን በሁለት እጁ አንስቶ ከኋላ ወንበር ሥር ገፋውና ሒሳብ ሊሰበስብ ወደ ፊት ሄደ። የእኔን ተቀበለ። የእሷን አልጠየቃትም።